ጎንደር ቀዝቃዛ አየር አላት፤ አየሩ ግን ስስ ነው

ሰሞኑን የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «ጂፒዩ ያለው ሰርቨር ልንገዛ ነው። ስንት ቢቲዩ ኤሲ እንጨምር?» ጂፒዩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ስሌት የሚሠራ ኃይለኛ ቺፕ ነው፤ ቢቲዩ ደግሞ የኤሲ አቅም መለኪያ ነው። የእኔም መልስ አንድ ሆኗል። ኤሲውን ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ ሙቀቱ ከየት ተነስቶ በየት እንደሚወጣ እንይ።

በስልክ ስደጋግመው ከምውል አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። ሙያዬ ማቀዝቀዣ ነው። በሥጋ ቤትና በሆቴል ፍሪጅ ጀመርኩ። ከዚያ የወተት ማቀዝቀዣ፣ ከዚያ የመድኃኒት መጋዘን፣ አሁን ደግሞ የሰርቨር ክፍል። ከአዘዞ እስከ ማራኪ፣ ከፒያሳ እስከ ቀበሌ 18 ብዙ በር ከፍቼ ገብቻለሁ። የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ግን ሰርቨር ውስጥ የገባ ኤሌክትሪክ መጨረሻው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሁሉም ሙቀት ሆኖ ይወጣል። አንድ ዋት ከገባ አንድ ዋት ሙቀት ይወጣል። አንዲትም አትጎድልም።

ድሮ ይህ ብዙም አያስጨንቅም ነበር። እዚህ የማውቃቸው ራኮች፣ ማለትም ሰርቨር የሚደረደርባቸው የብረት መደርደሪያዎች፣ አብዛኞቹ ከ3 እስከ 5 ኪሎዋት ነው የሚበሉት። አንድ ጥሩ ኤሲና አንድ መጠባበቂያ ይበቃቸዋል። አሁን የሚመጣው ሌላ ነው። ኤች 100 የሚባለው የኢንቪዲያ ኩባንያ ጂፒዩ ብቻውን እስከ 700 ዋት ይበላል። ስምንቱን የያዘው ዲጂኤክስ ሰርቨር እስከ 10.2 ኪሎዋት ይደርሳል። ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ላይ ጥዶ፣ ሌት ተቀን ሳያጠፉ፣ ቁመቱ 36 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሣጥን ውስጥ እንደማስቀመጥ ነው። አራቱን አንድ ራክ ላይ ደርድሩት፣ 40 ኪሎዋት ሆነ። 72 ጂፒዩ የያዘ የኢንቪዲያ ራክ ደግሞ ወደ 120 ኪሎዋት ይጠጋል።

ነገ ጠዋት 120 ኪሎዋት ራክ ጎንደር ይገባል እያልኩ አይደለም። ባለ ስምንት ጂፒዩ ሰርቨር ግን እየመጣ ነው። ልጆቻችን አማርኛ የሚችል የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ማሠልጠን ይፈልጋሉ። የራጅ ፎቶ የሚያነብ ፕሮግራም መሥራት ይፈልጋሉ። ይህ ሥራ እዚሁ ቢሠራ፣ መረጃውም ከእጃችን ባይወጣ ከልቤ ደስ ይለኛል። ስለዚህ ነው ማሽኑ ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ስለ ሙቀቱ የምጨነቀው።

አንድ መሥሪያ ቤት ጠርቶኝ የገባሁበት ክፍል ብዙ ነገር ያስረዳልኛል። ኤሲዎቹ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም 16 ላይ ተደርገዋል። የአይቲ ኃላፊዋ ጃኬት ለብሳ በላዩ ነጠላ ደርባለች።

«ጋሼ፣ እኛ በብርድ አለቅን፤ ሰርቨሩ ግን ሞቀኝ እያለ ይጮሃል» አለችኝ።

«ሙቀቱን የት ላይ ነው የምትለኩት?»

«ኤሲው ላይ ነዋ። ይኸው 16 ይላል።»

ኤሲው ላይ ያለው ቁጥር የታዘዘው ነው እንጂ የሆነው አይደለም። ቴርሞሜትሬን ከላይኛው ሰርቨር ፊት ለፊት፣ አየር በሚስብበት በኩል አሰርኩት። ትንሽ ቆይቶ 33 አለ። ክፍሉ በብርድ ያንቀጠቅጣል፣ ማሽኑ የሚተነፍሰው ግን 33 ዲግሪ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰርቨር ከፊቱ ይስባል፣ ከኋላው ይተፋል። ራኩ ላይ ሰርቨር የሌለበት ክፍት ቦታ ካለ፣ ከኋላ የወጣው ትኩስ አየር በዚያ ክፍተት ተመልሶ ወደ ፊት ይመጣል። በላይ በኩልም ዞሮ ይመለሳል። ሁለት ረድፍ ራክ በአንድ አቅጣጫ ከተደረደረ ደግሞ የኋለኛው የፊተኛውን ትፋት ሲምግ ይውላል። ኤሲው በበኩሉ ቀዝቃዛውን አየር ማንም ወደማይጠቀምበት ጥግ ይረጨዋል። ቀዝቃዛውና ትኩሱ መሐል ክፍሉ ላይ ይደባለቃሉ። የከፈልንበት ብርድ የሚባክነው እዚያ ነው።

መድኃኒቱ የቆየ ነው። የአይቢኤሙ መሐንዲስ ሮበርት ሱሊቫን እ.ኤ.አ. በ1992 ራኮቹ ፊት ለፊት እንዲተያዩ፣ ጀርባ ለጀርባ እንዲሰጣጡ አድርጎ መደርደርን አመጣ። በአንዱ መተላለፊያ ቀዝቃዛው ብቻ፣ በሌላው ትኩሱ ብቻ። እዚያ ክፍል ያደረግነውም ይኸንኑ ነው። አንዱን ረድፍ አዞርን። ክፍት ቦታዎቹን ላሜራ ቆርጠን ደፈንን። ኬብል የሚያልፍበትን ቀዳዳ በስፖንጅ ጠቀጠቅን። ከራኩ አናት እስከ ኮርኒሱ ወፍራም ፕላስቲክ አንጠለጠልን። ላሜራውን ቆርጦ ያጠፈልን የሰፈር በር ሠሪ ነው። ከዚያ ኤሲውን ወደ 24 ከፍ አደረግነው። ከሰርቨሩ ፊት ያለው ቴርሞሜትር ወደ 25 ወረደ። ከሁለቱ ኤሲ አንዱ መጠባበቂያ ሆነ።

ክፍሉ ሲሞቅ ማሽኑ ቀዘቀዘ! የአይቲ ኃላፊዋ ይህን ማመን አቅቷት ቴርሞሜትሬን ነጥቃኝ በየራኩ ለካች። መለካቷ ልክ ነበር፤ እንዲህ የሚለካ ሰው እወዳለሁ።

24 ብዬ ስናገር የሚደነግጥ ብዙ ነው። አሽሬ የሚባለው የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ለሰርቨር የሚመክረው የመግቢያ አየር ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ነው። 16 ከምክሩ ውጪ ነው። ለማሽኑ ምንም አይጨምርለትም፤ የኤሲው ልብ ለሆነው ኮምፕሬሰር ግን ጭነት ነው። አንድ ዲግሪ ከፍ ባደረግን ቁጥር ኮምፕሬሰሩ የሚበላው ኃይል ከ2 እስከ 3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሌላም አለ። 16 ላይ ሲሆን የኤሲው ጥቅል በጣም ስለሚበርድ ከአየሩ ውስጥ ውሃ ያንጠባጥባል። ያን ውሃ ለማንጠባጠብ የሄደው ኃይል ሰርቨሩን ቅንጣት አላቀዘቀዘም። በየሰርቨር ክፍሉ ከኤሲው ሥር የተቀመጠች ባልዲ ሳይ የመብራት ክፍያው ይታየኛል።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ ልምጣ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው 77 በመቶ ገደማ ነው። አየሩ ስስ ነው። ካታሎግ ላይ የተጻፈ የኤሲና የፋን ቁጥር ግን ብዙውን ጊዜ ለባሕር ዳርቻ አየር የተሰላ ነው። ሻጩ ያንኑ ቁጥር ይዞ ይመጣል፣ ገዢውም ያንኑ ይፈርማል።

ስስ መሆኑ ምን ያመጣል? ሙቀትን የሚሸከመው የአየሩ ክብደት ነው። ፋን ደግሞ የሚያንቀሳቅሰው መጠን እንጂ ክብደት አይደለም። ያንን የ40 ኪሎዋት ራክ እናንሳ። አየሩ ሰርቨሩ ውስጥ ሲያልፍ በ12 ዲግሪ ይሞቃል እንበል። በባሕር ዳርቻ በሰከንድ 2.8 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይበቃል። ጎንደር ላይ 3.6 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ፋኑ 30 በመቶ ያህል ፈጥኖ መዞር አለበት። የፋን ነገር ደግሞ ክፉ ነው። ፍጥነቱን እጥፍ ብታደርጉት የሚበላው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። አየሩ ስስ መሆኑ ሥራውን ትንሽ ቢያቀልለትም፣ ያን 30 በመቶ ፍጥነት ለማግኘት 70 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ኃይል ይወስዳል። ጎንደር የመጣ ሰርቨር ከሌላ አገር ወንድሙ ይልቅ የሚጮኸው ለዚህ ነው።

አምራቾቹም ያውቁታል። ኤ2 በሚባለው ደረጃ ያለ ሰርቨር የሚችለው ከፍተኛ የመግቢያ ሙቀት 35 ዲግሪ ነው ተብሎ ይጻፋል። ከ900 ሜትር በላይ ግን በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነሳል። ለእኛ ሲሰላ 31 ዲግሪ ላይ ይቆማል። ያ 33 ዲግሪ የሚተነፍስ ሰርቨር እንግዲህ ከገደቡ አልፎ ነበር። ጎረቤት አገር የባሕር ዳርቻ ላይ ቢሆን ገደቡ ውስጥ ነው። እዚህ አይደለም።

ስስነቱን ይህን ያህል ካማረርኩ ስጦታውንም ልናገር። ብርዱ አለን። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። በመጋቢትና በሚያዝያ እንኳ ከሰዓት በኋላ 30 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል እንጂ ሌሊቱ ይበርዳል። ከዓመቱ ሰዓት የሚበዛው ከ24 ዲግሪ በታች ነው። በእነዚያ ሰዓቶች ኮምፕሬሰር ምን ይሠራል? ውጭ ያለውን አየር አጣርቶ ማስገባት፣ ትኩሱን ማስወጣት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ፋን ብቻ። ፋን ከኮምፕሬሰር ጋር ሲነጻጸር የሚበላው ጥቂት ነው፣ ስስ አየሩን ጨምረን እንኳ።

«አቧራውስ?» ይሉኛል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በበጋ የጎንደርን አቧራ የማያውቅ የለም። የከሰልና የማገዶ ጭስም አለ። ስለዚህ ማጣሪያ የግድ ነው። ለውጭ አየር ቢያንስ መርቭ 11፣ ቢቻል መርቭ 13 የሚባለው ደረጃ ይመከራል። ማጣሪያው ሲዘጋ የሚናገር የግፊት መለኪያ ይኑረው። አየር የሚገባበት በኩል ከጄኔሬተሩ ጭስ መውጫ ይራቅ፤ በናፍጣ ጭስ ውስጥ ያለው ድኝ የሰርቨር መዳብና ብር ይበላል። ከሠራተኞች ክበብ ማድ ቤትም ይራቅ። ወደ ሰሜን በሚያይ ግድግዳ ላይ ቢሆን እመርጣለሁ፤ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ አይመታውም። ፒያሳ አካባቢ ያሉት የጣሊያን ጊዜ ሕንፃዎች ውስጥ ሲሆን ግድግዳውን አትብሱት። ድንጋዩ ወፍራም ነው፣ ሕንፃውም ቅርስ ነው። መስኮቱን ተጠቀሙበት።

ማሽኑ የምናስበውን ያህል ቅምጥል አይደለም። ማይክሮሶፍት ውስጥ የሚሠሩ ሁለት መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2007 እስከ ሰኔ 2008 አምስት ሰርቨሮችን ድንኳን ውስጥ አስቀምጠው አሠሩ። ዝናብ ራኩ ላይ ተንጠባጠበ። ቅጠል ተስቦ ሰርቨሩ ፊት ላይ ተለጠፈ። አንዱም አልተበላሸም። ድንኳን እንትከል ማለቴ አይደለም። 16 ዲግሪው የመጣው ከፍርሃት መሆኑን ለማሳየት ነው።

ክረምት ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት አለብን። እ.ኤ.አ. በ2011 ፌስቡክ ኦሪገን ውስጥ ፕራይንቪል ላይ በውጭ አየር የሚቀዘቅዝ ትልቅ ዳታ ሴንተር፣ ማለትም የሰርቨር ሕንፃ፣ ከፈተ። በዚያው በጋቸው መቆጣጠሪያው ተሳስቶ ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ውስጥ ለቀቀ። ሕንፃው ውስጥ ደመና ተፈጠረ። ሰርቨሮቹ እየጠፉ ተነሱ፤ ከእርጥበቱ የተነሳ ኃይል መስጫቸው የተቃጠለም ነበር። የሐምሌና የነሐሴ ጎንደር ይህን ታሪክ ማንበብ አለባት።

መፍትሔው በእጃችን ነው። የክረምት ሌሊት አየር 16 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 90 በመቶ ነው እንበል። በቀጥታ ካስገባነው አደጋ ነው። ከሰርቨሩ ጀርባ ከሚወጣው ትኩስ አየር ጋር ቀላቅለን 24 ዲግሪ ካደረስነው ግን እርጥበቱ ወደ 55 በመቶ ይወርዳል። ውሃው አልቀነሰም፤ አየሩ ሲሞቅ የመያዝ አቅሙ ጨምሮ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው በሞተር የሚከፈትና የሚዘጋ መዝጊያና አንድ ተቆጣጣሪ ነው። ተቆጣጣሪው ቢሳሳት የውጭውን አየር ዘግቶ ኤሲውን የሚያስነሳ መሆን አለበት። ኤሲውን አንጥለውም፤ ከዓመት ዓመት የሚሠራ መሆኑ ቀርቶ ለሚያዝያ ከሰዓትና ለክረምት ጉም የሚጠራ ይሆናል።

ውሃን በተመለከተ አቋሜ ጠንካራ ነው። ውሃ በማትነን አየር የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ አለ። ለደረቅ አየር እጅግ ይሠራል። በመጋቢት ቀትር 28 ዲግሪ የሆነ ደረቅ አየር እርጥብ ንጣፍ ውስጥ ሲያልፍ ወደ 17 ወይም 18 ሊወርድ ይችላል። የሚበላው ኃይል ትንሽ ነው። ብሮሹሩ ላይ ያምራል። ግን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት በትነት ለማስወገድ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ውሃ ይሄዳል። የ40 ኪሎዋት ራክ ሙሉ በሙሉ በዚህ ይቀዝቅዝ ብንል በቀን 1,400 ሊትር ነው። 70 ጀሪካን! በዚያ ላይ ውሃው ሲተን ጨውና ኖራው ስለሚቀር ገንዳውን እየደፉ መሙላት አለ።

የአንገረብ ግድብ በደለል ተጎድቷል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ብዙ ነው። ሴቶችና ልጆች ቢጫ ጀሪካን ይዘው ሲሰለፉ በየቀኑ እናያለን። ከዚህ ሰልፍ ፊት ለፊት ለአንድ ራክ በየቀኑ 70 ጀሪካን ማትነን አልደግፍም። ኃይል ቆጣቢ ነው ቢባልም አልደግፍም። ኤሌክትሪክ የቆጠበ ውሃ ከጨረሰ ምኑን ቆጠበ?

ከእኛ ጋር የሚመሳሰል ቦታ የሠራው ሥራ ያጽናናኛል። ኤንሬል በሚባል ስሙ የሚታወቀው የአሜሪካ የታዳሽ ኃይል ቤተ ሙከራ ኮሎራዶ ውስጥ ጎልደን ከተማ ነው፤ ከፍታው ከ1,700 ሜትር በላይ፣ አየሩ ደረቅ፣ ውሃው ውድ። ሱፐር ኮምፒውተራቸውን በቀጥታ በፈሳሽ ነው የሚያቀዘቅዙት። ወደ ሕንፃው ከሚገባው ኃይል ለኮምፒውተሩ ያልዋለው 4 በመቶ ያህል ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ሙቀቱን የሚያስወግዱት በትነት ነበር። በኋላ ቴርሞሳይፈን የሚባል መሣሪያ ጨመሩና የሚተነውን ውሃ በግማሽ ገደማ ቀነሱት።

ቴርሞሳይፈንን ለፍሪጅ ሰው ማውራት ደስ ይላል። ከኮምፒውተሩ የመጣው የሞቀ ውሃ ታች ያለውን ጋዝ ያፈላዋል። ጋዙ ራሱ ቀሎ ወደ ላይ ይወጣል። ላይ የውጭው ብርድ ሲመታው ፈሳሽ ይሆንና በክብደቱ ይወርዳል። ኮምፕሬሰር የለም። ለጋዙ ፓምፕ የለም። ከፍታና ብርድ ብቻ። ዕድሜዬን ሙሉ የተቃጠለ ኮምፕሬሰር ስቀይር ለኖርኩ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኮምፕሬሰር በቀነሰ ቁጥር ጋዝም ይቀንሳል። አር 410ኤ የሚባለው ብዙ ኤሲዎች ውስጥ ያለው ጋዝ አንድ ኪሎው አየር ላይ ቢለቀቅ ከ2,000 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ምድርን ያሞቃል። እኛ ጋ ደግሞ ቧንቧ ሲያፈስ ጋዝ ሞልቶ መሄድ እንጂ ቀዳዳውን ፈልጎ መበየድ እየቀረ ነው።

ስለዚህ ለከባዱ ራክ ያለኝ ሐሳብ ፈሳሽ ነው፤ ግን በዝግ ቧንቧ የሚዞር፣ የማይተን። ለ40 ኪሎዋት ራክ በሰከንድ 3.6 ሜትር ኩብ አየር እንደሚያስፈልግ ተናግሬአለሁ። ያንኑ ሙቀት ውሃ ሲሸከመው፣ በ10 ዲግሪ እንዲሞቅ ብንፈቅድለት፣ በሰከንድ አንድ ሊትር ይበቃል። አንድ ሊትር! ከፍታ ደግሞ ውሃን አያሳሳውም። ጎንደርም ባሕር ዳርቻም አንድ ሊትር ያው አንድ ሊትር ነው። ስስ አየር ላለው አገር ከዚህ የተሻለ ክርክር የለኝም።

ውሃው ደግሞ መቀዝቀዝ የለበትም። ሰው የሚቸግረው እዚህ ላይ ነው። የቺፑ ውስጥ ከ70 ዲግሪ በላይ እየሞቀ በሰላም ይሠራል። ለእሱ 40 ዲግሪ ውሃ ቀዝቃዛ ነው። ጀርመን ውስጥ ጋርሺንግ ያለው ሱፐርሙክ የተባለ ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ ሲጀምር እስከ 45 ዲግሪ ሊሞቅ በሚችል ውሃ ነበር የሚቀዘቅዘው። ከእሱ የወጣውንም ሙቀት ግቢው ውስጥ ያሉ ቢሮዎችን አሞቁበት።

አሁን የእኛን ሚያዝያ አስቡ። ውጭው 30፣ ቢብስ 32 ዲግሪ ቢሆን፣ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ፋንና ራዲያተር ውሃውን 40 ላይ ማድረስ ይችላል። ዓመቱን ሙሉ ያለ ኮምፕሬሰር፣ ጠብታ ውሃ ሳይተን። ራዲያተሩ ለስስ አየር ተሰልቶ ሩብ ወይም ሲሶ ያህል ተልቆ ይገዛ፤ ይህን ውል ላይ አስጽፉ። ቧንቧው ውስጥ ተራ የቧንቧ ውሃ አይገባም። ውሃችን ኖራ አለው፤ ቺፑ ላይ ያሉት መተላለፊያዎች ከፀጉር ብዙም አይሰፉም። 25 በመቶ ፕሮፒሊን ግላይኮል ያለው የተዘጋጀ ፈሳሽ አለ። እዚህ ቧንቧ በረዶ አይሆንም፤ የሚፈለገው ዝገትና ባክቴሪያ እንዳይፈጠር ነው።

ፈሳሹ ሁሉንም ሙቀት አይወስድም። ቺፑ ላይ በተለጠፈ ሳሕን የሚሠራው ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 80 በመቶ ይይዛል። የቀረው ከሚሞሪውና ከኃይል መስጫው ወደ ክፍሉ ይወጣል። ለእሱ ያው የለየነው መተላለፊያና የውጭ አየር አለ። እስከ 30 ወይም 40 ኪሎዋት ላሉትና ፈሳሽ ለማይቀበሉ ሰርቨሮች ደግሞ የራኩን የኋላ በር ራዲያተር ማድረግ ይቻላል። ትኩሱ አየር ክፍሉ ውስጥ ሳይገባ በሩ ላይ ይያዛል። ለጀማሪ ይኸኛውን እመርጣለሁ፤ የሰርቨሩን ሆድ ሳንከፍት የሚሠራ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ሰርቨሩ ዩፒኤስ የሚባለው የመጠባበቂያ ባትሪ ላይ ነው፣ ኤሲው ግን አይደለም። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሰርቨሩ ሙቀት መትፋቱን ይቀጥላል። 50 ሜትር ኩብ የሆነች ክፍል ውስጥ 10 ኪሎዋት ሰርቨር ቢኖር፣ ግድግዳውና ብረቱ ጥቂት ባይጋራው ኖሮ፣ አየሩ በደቂቃ 13 ዲግሪ ይሞቅ ነበር። እዚህም ስስነቱ ይቀጣናል፤ ቀላል አየር ቶሎ ይሞቃል። ስለዚህ ፓምፕና ፋን ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ። የሚበሉት ከኮምፕሬሰር ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ስለሆነ ባትሪው ይችላቸዋል። ኮምፕሬሰርን ዩፒኤስ ላይ የሚጭን ብዙም የለም፤ ፓምፕን ግን ይቻላል። ኮምፕሬሰር የሌለበት ሥርዓት የምወድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ቺፕ ፓምፑ ከቆመበት በሰከንዶች ውስጥ ስለሚሞቅ፣ ሁለተኛ ፓምፕ መኖሩም ምቾት ሳይሆን ግዴታ ነው።

«የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት አለው፤ ምን ያስቆጥበናል?» ያለኝ ወዳጅ አለ። ግድቡ የሁላችንም ኩራት ነው። ግን ግድቡና የእኛ ሕንፃ መሐል የሰፈሩ ትራንስፎርመር አለ። ትራንስፎርመሩ ለሕንፃችን 30 ኪሎዋት ብቻ ከቻለ፣ ኤሲው 13ቱን ከበላ ለሰርቨር የሚቀረው 17 ነው። ማቀዝቀዣው 3 ብቻ ቢበላ ሁለተኛ ሰርቨር መግዛት ይቻላል። በእኛ ሁኔታ ማቀዝቀዣ ላይ መቆጠብ ማለት ተጨማሪ ስሌት መሥራት ማለት ነው። ተማሪው ሞዴሉን ለማሠልጠን ወረፋ የሚጠብቅበት ጊዜ ያጥራል።

ይህን ለማወቅ መለካት ያስፈልጋል። ወደ ክፍሉ የሚገባውን ጠቅላላ ኃይል ለሰርቨር በዋለው ኃይል ማካፈል ነው። ፒዩኢ ይሉታል። 1 ቢሆን ሁሉም ለሰርቨር ዋለ ማለት ነው። የጉግል ዳታ ሴንተሮች አማካይ 1.1 ገደማ ነው። በዓለም ዙሪያ በጥናት የተጠየቁት ዳታ ሴንተሮች አማካይ ለዓመታት ከ1.5 በላይ ቆይቷል። እኛ ጋ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቁጥሩ ሳይሆን ሁለት ቆጣሪ ነው። አንዱ ከዋናው ሰሌዳ፣ አንዱ ከዩፒኤሱ በኋላ። ዋጋቸው ከአንድ ኤሲ በብዙ ያንሳል።

ጂፒዩ ሰርቨር ልትገዙ ከሆነ ሻጩን ገና ፕሮፎርማ ላይ ሳላችሁ ጠይቁት። ይህ ሰርቨር 2,100 ሜትር ላይ የሚችለው የመግቢያ ሙቀት ስንት ነው? በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ዓይነት አለው? ስንት ዲግሪ ውሃ ይቀበላል? ፓምፑ ቢበላሽ መለዋወጫው አዲስ አበባ አለ ወይስ ከውጭ ይመጣል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። «ምንም ችግር የለውም» የሚል መልስ አትቀበሉ።

እስከዚያው ያላችሁን ክፍል እንለካው። መጋቢት ሳይገባ ቢሆን ጥሩ ነው። ሙቀትና እርጥበት መዝግበው የሚያስቀምጡ ትንንሽ ሴንሰሮች አሉኝ። ከሰርቨሩ ፊት ከላይ፣ ከመሐልና ከታች አስሬላችሁ እሄዳለሁ። አንድ ሳምንት ይቆዩ፤ ሌሊቱንም ቅዳሜና እሑድንም ያንብቡ። ክፍያ አልጠይቅም። ላሜራና ፕላስቲክ ግን እናንተ ግዙ።